ታንኳ የሚደገፍበት ግንብ

አቶ ባይነሳኝ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል። በባሕር ዳር ግን ስማቸው ሳይጠራ የሚመሽ ቀን የለም። ማለዳ ከቤቴ ስወጣ የታክሲ ረዳቶች በመስኮት ብቅ ብለው «ባይነሳኝ፣ ባይነሳኝ፣ የሞላ» እያሉ ይጣራሉ፤ ተሳፋሪውም «ባይነሳኝ ጋ ወራጅ አለ» ይላል። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠችውን ወጣት ባይነሳኝ ማን እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ከስልኳ ቀና ብላ፣ «የፌርማታ ስም ነው እንጂ፤ አባባ፣ ለከተማው እንግዳ ነዎት እንዴ?» አለችኝ። አይደለሁም አላልኋትም። ሰው በሕይወቱ የሚያውቀውን ሰው ፌርማታ ሆኖ ሲያገኘው እንግዳው ማን እንደ ሆነ ለመናገር ይቸገራል።

ከፌርማታው ሌላ በስማቸው የተጠራ መንገድ አለ፤ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥም ጣሪያውን ያለበሱት አዳራሽ ስማቸውን ይዟል። በቅርቡ ደግሞ ከተማው በሐይቁ ዳር ሐውልት አቆመላቸው። ይህን የምጽፈው ስለ ሐውልቱ ነው፤ ወይም ሐውልቱ ሊቆም ሲል ስለ ሆነው ነገር። አስቀድሜ ግን አንባቢን አንድ ነገር ላስጠነቅቅ። ዕድሜዬ ከሰማንያ አልፏል። ሰው በዚህ ዕድሜ ያየውን፣ የሰማውንና ደጋግሞ የተረከውን በአንድ ቡሃቃ አቡክቶ ይጋግራል፤ በኋላ የትኛው ዱቄት ከየትኛው ጆንያ እንደ መጣ መለየት አይችልም። የምችለውን ያህል እለያለሁ። መለየት ያቃተኝንም አቃተኝ እላለሁ።

አቶ ባይነሳኝ የማክሰኝት ተወላጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው እህል ይዘው ወደ ጎርጎራ ወረዱ፤ ከጎርጎራም ሐይቁን ተሻግረው ባሕር ዳር ገቡና በዚያው ቀሩ። ሲመጡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ እየተባለ ይነገራል፤ በሐውልቱ ምረቃ ቀንም እንዲሁ ተብሎ ተነበበ። እሳቸው ይህን ወሬ በሕይወት ሳሉ አይወዱትም ነበር። «አህያ ነበረችኝ። ጎርጎራ ላይ ጅብ በላት። የድኻ ታሪክ ይጣፍጣል ብላችሁ አህያዬን አትካዱብኝ» ይሉ ነበር።

እኔ ሳውቃቸው የከተማው ትልቅ ነጋዴ ነበሩ። የደንቢያ እህል፣ የዘጌ ቡና፣ በርበሬና ኑግ በእሳቸው መጋዘን ያልፋል። ለብዙ ሰው ግን ከነጋዴነታቸው ይልቅ አበዳሪነታቸው ይታወቅ ነበር። ባንክ በከተማው ከተከፈተ በኋላ እንኳ ወፍጮ መትከል የፈለገ፣ ሱቅ መክፈት ያሰበ፣ ጀልባ መግዛት ያማረው ሁሉ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነበር። አዲስ የኮሌጅ መምህር ሆኜ ስመጣ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ክፍሏ መስኮቷ ወደ በሩ ስለ ነበረ፣ ማን እንደ ገባና በምን ፊት እንደ ወጣ ሳልፈልግ አይ ነበር።

ማለዳ ማለዳ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ አብሬያቸው መውረድ ልማዴ ሆነ። እዚያ የሚሠሩትን ለመግለጽ ስለ ታንኳ ጥቂት መናገር ይኖርብኛል። የጣና ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ቄጠማ፣ ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ታንኳው ጭነት ይዞ ጥቂት ቀን ከተመላለሰ ሆዱ ይከብዳል። ያን ጊዜ ወደ ዳር አውጥቶ፣ አቁሞ፣ በፀሐይና በነፋስ ማድረቅ ግድ ነው። ባልደረቀ ታንኳ ላይ የሚጭን ሰው ጭነቱንም ራሱንም ለሐይቁ ይሰጣል። አቶ ባይነሳኝ ለዚሁ ሲሉ ከውሃው ጥቂት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ታንኳዎቹ የሚደገፉበት ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ አሠርተው ነበር። በግንቡ ጥግ እየተራመዱ የእያንዳንዱን ታንኳ ሆድ በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ። ውሃ ከወጣው «ገና ነው» ይላሉ። ካልወጣው «ይጫን» ይላሉ። ከሁለቱ ቃላት ሌላ በዚያ ሰዓት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ወይም አላስታውስም።

ሰውንም እንዲሁ ይመዝኑ ነበር። ብድር ሊጠይቅ የመጣውን ሲጨብጡ እጁን ቶሎ አይለቁትም፤ አውራ ጣታቸው በመዳፉ ላይ ጥቂት ጫን ብላ ትቆያለች። ሰውየው ነገሩን በጀመረ ጊዜ እሳቸው ጨርሰዋል። አማላጅ ይዞ የመጣ ሰው አይሆንላቸውም ነበር፤ አማላጁ ቄስ ከሆነ ደግሞ ይብስባቸዋል። አጎቴ መሪጌታ ለአንድ ዘመዳቸው ሊያማልዱ መጥተው ሲመለሱ፣ «ሰውየው ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙን እየሰማህ ወርቁን በልብህ ታወጣለህ» አሉኝ። ለአጎቴ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አንድ ዓመት የዘጌ ቡና ነጋዴ ጭነቱ በማዕበል ሰጠመበት። ቡናው የተገዛው በአቶ ባይነሳኝ ገንዘብ ነበር። የከተማው ነጋዴዎች ተሰብስበው መጡና ሌላ አበዳሪ ሳይቀድማቸው የሰውየውን ከብት በፍርድ እንዲያስይዙ መከሯቸው። እሳቸው ሁሉንም እስኪጨርሱ ሰሙ። ከዚያ፣ «ርጥብ ታንኳ አይጫንም። አይጣልምም። እስኪደርቅ ይቁም» አሉ። ምክሩ በዚሁ ተፈታ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ግን ምላሳቸው ስለታም ነበር።

«እርስዎ ሰው ሁሉ ደንገል ይመስልዎታል» አሏቸው። «ይህ ሰው እስኪደርቅ እኛ እንረጥባለን።»

«እኛ ስንረጥብ ደግሞ የሚያቆመን አይጠፋም፣ ጥሩዬ።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል በእርግጥ ተናግረውት እንደ ሆነ፣ ወይስ በኋላ የሆነውን አይቼ እኔው በአፋቸው አኑሬው እንደ ሆነ መማል አልችልም። የወይዘሮ ጥሩዬን ቃል ግን እምላለሁ።

አውራ ጣታቸው የማትሳሳት አልነበረችም። የሰባታሚቱ ታፈረ ላም ገዝቶ ለከተማው ወተት ለማቅረብ አስቦ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለት ጊዜም «ገና ነው» ተባለ። ታፈረ እኩያዬና ወዳጄ ስለ ነበረ አንቱ አልለውም። ሲያፍር መዳፉ የሚያልበው ሰው ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከአማቶቹ ተበድሮ ላሞቹን ገዛ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወፍጮ ተከለ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አንድ ቅል ማር ይዞ ወደ ግቢው ገባና እጁን ዘረጋላቸው።

«ጋሼ ባይነሳኝ፣ እጄ ዛሬም ርጥብ ነው። ማሩ ግን ደረቅ ነው፤ ይቅመሱልኝ» አላቸው።

አቶ ባይነሳኝ እንደዚያ ቀን ሲስቁ አላየሁም። አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ለወይዘሮ ጥሩዬ እያሳዩ፣ «ቢላ አምጪልኝ፤ ይቺ ስንቱን ሰው አስበድላኛለች» አሉ። በማግሥቱ በእግራቸው እስከ ሰባታሚት ሄደው ታፈረን በቤቱ ይቅርታ እንደ ጠየቁት የሰማሁት ከራሱ ከታፈረ ነው። እሳቸው አልነገሩኝም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ፤ ታፈረም ወደ ማኅበራችን ገባ።

ማኅበራችን የሚካኤል ነበር። ወር በገባ በዐሥራ ሁለት እንሰበሰባለን። የአንዱ ድግስ ሲያበቃ ጽዋው ለባለ ተራው ይሰጣል፤ ባለ ተራውም ጽዋውን ይዞ፣ ማኅበርተኛው በዝማሬ እየሸኘው ወደ ቤቱ ይገባል፤ የሚቀጥለው ወር ድግስ የእሱ ነው። ጽዋ የደረሰው ሰው አልችልም አይልም። ላም ሸጦም ቢሆን ይደግሳል። እገሌ ጽዋ መለሰ ከሚባል መሬት ብትውጠው ይመርጣል። የዓመቱ ተራ በዕጣ ይወጣል፤ በወረቀት ግን አይሰፍርም ነበር። ከካህናት ቤት የወጣሁ በመሆኔ ዳዊትን በቃሌ እደግም ስለ ነበር፣ ተራውን በልብ የመያዝ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። «መምህር እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል» ይሉ ነበር። እኔም በዚህ ትንሽ እኮራ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ። ትርፍ ቤትና መጋዘን ሲወረስ የአቶ ባይነሳኝም ተወረሰ፤ ጀልባዎቻቸውም ሄዱ። የምከራያት ክፍል የቀበሌ ሆነች፤ ኪራዩን ለቀበሌ እየከፈልሁ በግቢያቸው መኖሬን ቀጠልሁ። እሳቸው አልጮኹም፤ አልታመሙም። ማለዳ ወደ ሐይቁ መውረዳቸውንም አልተዉም። የሚጫን ነገር ሳይኖራቸው የታንኳዎቹን ሆድ በአውራ ጣታቸው ይጫኑ ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ በጆሯቸው ላይ የነበረው ወርቅ ከጊዜ በኋላ አልታየም። ማንም አልጠየቀም።

የማኅበሩ ተራ የደረሳቸው በዚህ መካከል ነው። ያን ጊዜ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ ታፈረ ነበር። አቶ ባይነሳኝ በበሩ አጠገብ፣ ከወትሮው ቦታቸው ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። እጃቸው በጉልበታቸው ላይ ነበረች፤ አውራ ጣታቸው የገዛ ጉልበታቸውን ትጫናለች። በቤቱ ያለው ሁሉ ተራው የማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ በቤታቸው ዱቄት እንደሌለም ያውቃል። ጸሎቱ አበቃ። ቄሱ ጽዋውን አነሡና ባለ ተራውን ጠየቁ። ታፈረ ወደ አቶ ባይነሳኝ አልተመለከተም። ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ ተራው የማን ነው?»

ስሜን የማውቀውን ያህል አውቅ ነበር።

«አላስታውስም» አልሁ።

ከዚያ ታፈረ ፊቱን ሳይለውጥ፣ «መምህር ከረሳ እኛ ከየት እናውቃለን? እንግዲህ እስኪያስታውስ ጽዋው ወደ እኔ ቤት ይምጣ» አለ። በሚቀጥለውም ወር ተጠየቅሁ፤ በሚቀጥለውም ወር ረሳሁ፤ ጽዋውን ሌላ ሰው ወሰደ። እንዲህ እያለ ጽዋው በየቤቱ ዞረ። ምስጢሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እንኳ ሲያገኙኝ፣ «ይህ ልጅ የፈረንጁ ትምህርት ዳዊቱን ገፋበት» እያሉ ይዘባበቱብኝ ነበር። አቶ ባይነሳኝ በየወሩ መጡ፣ በበሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ምንም አልተናገሩም።

ቀስ በቀስ ጥቂት ጨውና በርበሬ በጉልት መሸጥ ጀመሩ። ከመጋዘን ወደ ጉልት መውረዱን እንደ ውርደት ቆጥረውት እንደ ሆነ አላውቅም፤ ደንበኛን ሲያስተናግዱ ግን እንደ ጥንቱ ቆመው ነበር። ሌላው ቆሞ እያለ ተቀምጠው ሲገበያዩ አይቻቸው አላውቅም። እንዲህ ቆይተው አንድ ወር፣ ቄሱ ጽዋውን አንሥተው ታፈረም ወደ እኔ ሊዞር ሲል፣ አቶ ባይነሳኝ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«መምህር ሊያስታውስ አልቻለም፤ እኔ ግን አስታውሳለሁ። ተራው የእኔ ነው። ደርቄያለሁ፤ ጫኑኝ።»

ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዝማሬው ተነሣ፤ ታፈረ ግን መዘመር አቅቶት ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ያዙኝ፤ አውራ ጣታቸው ጫን አለችብኝ። «አንተ መርሳት ታውቅበታለህ» አሉኝ። ስለዚያ ጉዳይ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፉ። ወይዘሮ ጥሩዬም ተከተሏቸው። ታፈረም አሁን የለም።

ያን ጊዜ የረሳሁ መስዬ ነበር። አሁን ግን እውነተኛው መርሳት መጥቷል። የሐውልቱ ኮሚቴ እሳቸውን በቅርብ የማውቅ ነኝ ብሎ አባል ባደረገኝ ጊዜ ይህን በሚገባ ተረዳሁ። ቀራጺው ባርኔጣቸው ምን ዓይነት እንደ ነበረ ጠየቀ። እኔ ዳሩ ሰፊ ግራጫ ነው አልሁ። ልጃቸው ወይዘሮ እናኑ ቡናማ ነው፣ ዳሩም ጠባብ ነው አሉ። ሁለታችንም አልተሸነፍንም፤ ቀራጺውም ያለ ባርኔጣ ሠራቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰላም የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት፤ ትሑት፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ። ንድፏ የሚያምር ነበር፤ ሐውልቱ በሐይቁ ዳር መካከል ይቆማል፤ ዙሪያው ሣር ይለብሳል፤ ሣሩን የብረት አጥር ይከብበዋል። ወይዘሮ እናኑ ቦታውን አባታቸው በየማለዳው የሚቆሙበት ነው ብለው መረጡት። እውነታቸውን ነው። ቦታው ግንቡ ያለበት ነው።

አንድ ጠዋት እንድሪስ ወደ ቤቴ መጣ። እንድሪስ ታንኳ ሠሪ ነው፤ አባቱም ታንኳ ሠሪ ነበር፤ አቶ ባይነሳኝ «ይጫን» ሲሉ የሚጭነው አባቱ ነበር። ዛሬ ታንኳ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ደንገሉም ከሐይቁ ዳር እየራቀ ሄዷል። እንድሪስና ወንድሞቹ ግን እስከ ዛሬ በዚህ ይኖራሉ፤ ታንኳቸውንም የሚያቆሙት በዚያው ግንብ ላይ ነው።

«አጥሩ ከቆመ ታንኳውን የት እናድርቀው፣ መምህር?» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ ሆቴል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሆቴል ነው። አስፋልት ላይ እንዳናቆመው መኪና አለ። ማድረቂያ ከሌለ ታንኳም የለ፣ እኛም የለን።»

ሰላም እንደ ነገረችው፣ ወረቀት አይጠየቅም፤ ሐውልቱ የእሳቸው በመሆኑ ፈቃዳቸው ይህ ነበር የሚል አንድ የዓይን ምስክር ከተገኘ ንድፉ ይከለሳል። እንድሪስም ከአባቱ የሰማው አለ፤ አቶ ባይነሳኝ ከመሞታቸው በፊት በግንቡ አጠገብ ቆመው፣ «ይህ ግንብ የታንኳ ነው፤ ከእኔም በኋላ ማንም አይከልክላችሁ» ብለዋል። አባቱ ይህን ሲተርክ እኔም በቦታው እንደ ነበርሁ ይጨምር ነበር።

ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁ። ግንቡን አየሁት፤ እሳቸውን አየኋቸው፤ አፋቸው ሲከፈት ግን የምሰማው የእንድሪስን ድምፅ ሆነ።

«ነበርሁ ይሆናል» አልሁት።

«ይሆናል ለኮሚቴ አይበቃም፣ መምህር።»

ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ። ያን ሳምንት ከራሴ ጋር ተከራከርሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ነገሩም ከእሳቸው ጠባይ ጋር ይስማማል፤ የሚጎዳ ሰው የለም። በሌላ በኩል ያላየሁትን አየሁ ብዬ በአንድ ሙት አፍ ውስጥ ቃል ማኖር ይሆንብኛል። በማኅበሩ ቤት አላስታውስም ስል ከእኔ ክብር ቀንሼ ነበር የሰጠሁት። አሁን አስታውሳለሁ ብል የምሰጠው ከማን ነው? ለዚህ መልስ ሳላገኝ የስብሰባው ቀን ደረሰ።

የተሰበሰብነው በቦታው ላይ ነበር። ሰላም ንድፉን በእጇ ይዛ፣ ወይዘሮ እናኑ ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው፣ እንድሪስና ወንድሞቹ በግንቡ ጥግ፣ ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት በዙሪያው ቆመናል። በግንቡ ላይ ገና ከውሃ የወጣ ታንኳ ተደግፏል። ሰላም በትሕትና ወደ እኔ ዞረችና የሰማሁት ካለ እንድናገር ጠየቀችኝ።

አቶ ባይነሳኝ ስለዚህ ቦታ ሲናዘዙ መስማቴን አላስታውስም አልሁ። እንድሪስ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ያየሁትን ግን ልናገር ብዬ ቀጠልሁ። ይህን የማስታውሰው ስለ ልብሴ ነው፤ በዚያን ጊዜ ያለኝ ሙሉ ልብስ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀለሙም ፈዛዛ ነው፤ ስለዚህ አልሳሳትም። አንድ ጠዋት የአቶ ባይነሳኝ የበርበሬ ጆንያ ከጀልባ ወርዶ በዚህ ግንብ ላይ ተደርድሮ ነበር። ሰማዩ ጠቆረ። በዚያው ሰዓት ከዘጌ የመጡ ታንኳዎች ውሃ ጠጥተው ደረሱ፤ የሚደገፉበት ቦታ ግን የለም። በዚያ ዘመን የከተማው ሰው ታንኳ ሠሪዎቹን ያርቅ ነበር፤ የቆሙበትን ቦታ እንኳ ይሸሻል። ተሸካሚዎቹ ይጠብቁ አሉ። አቶ ባይነሳኝ ግን የገዛ ጆንያቸው ከግንቡ እንዲነሣ አዘዙ። ሰው ሲያንስ ራሳቸው ተሸከሙ፤ እኔም እንድሸከም በዓይናቸው አዘዙኝ። መንገዱ ላይ ሳለን ዝናቡ ወረደ። በርበሬው በሸሚዜና በኮቴ ላይ ቀለጠ፤ በማግሥቱ በክፍል ውስጥ እኔ ሳስነጥስ ተማሪዎቼም አብረው አስነጠሱ። በርበሬው ይበላሻል ስላቸው የመለሱልኝንም አስታውሳለሁ። «የእኔ ጆንያ ቢረጥብ በርበሬ ነው። የእነሱ ታንኳ ካልደረቀ ሰው ነው» አሉኝ።

«ከዚህ በላይ አላውቅም» ብዬ ጨረስሁ። «ፈቃዳቸው ይህ ነበር ማለት አልችልም።»

ሰላም ንድፉን መልሳ ጠቀለለች። ምስክርነቴ ለማንም እንዳልበቃ ተሰማኝ። ከዚያ ወይዘሮ እናኑ ጥላቸውን አጠፉ።

«በርበሬው ሻግቶ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴ ያን ዓመት ሙሉ ወጥ በሠራች ቁጥር ታነሣባቸው ነበር። ለምን እንደ ረጠበ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አባቴ ዝናብ ደረሰብኝ ብቻ ነበር የሚሉት።»

ወደ ተደገፈው ታንኳ ሄዱ። አውራ ጣታቸውን አንሥተው ሆዱን ተጫኑት፤ ውሃ በእጃቸው ላይ ወረደ። እጃቸውን አላበሱም። ወደ ሰላም ዞረው፣ «ልጄ፣ ገና ነው። አባቴ ጆንያቸውን ካነሡበት ቦታ ላይ እኔ አባቴን አላቆምም» አሏት።

ሐውልቱ ወደ መንገዱ ጥግ ተዛወረ። ሣሩም አጥሩም ቀረ፤ ቦታው ጠበብ ያለ ስለ ሆነ ሰላም ጥቂት አዘነች። ለማጽናናትም ይመስለኛል፣ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ሐውልቱን የሚጠብቅ ደንብ እንዲወጣ ሐሳብ ሲቀርብ ሁላችንም ተስማማን። ሐውልቱ ላይ ምንም ነገር አይለጠፍም፣ አይሰቀልም፣ አይደገፍም። ቃላቱን ያስተካከልሁት እኔ ነኝ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ማለዳ ወደዚያ ወረድሁ። በግንቡ ላይ ታንኳ ጢም ብሎ ተደርድሯል። እንድሪስ ከውሃ ያወጣውን የመጨረሻውን ታንኳ የሚያቆምበት አጥቶ፣ በአቶ ባይነሳኝ ሐውልት ላይ አስደግፎት ሄዷል። የታንኳው አፍንጫ ከትከሻቸው በላይ ወጥቷል። ከሆዱ የሚንጠባጠበው ውሃ በመቆሚያው ድንጋይ ላይ፣ ስማቸው በተቀረጸበት በኩል ይወርዳል። ፌርማታው ላይ የታክሲ ረዳት «ባይነሳኝ፣ ባይነሳኝ» ይላል። ዘበኛው ታንኳውን አይቶ ዱላውን እያወዛወዘ መጣ፤ እኔን ሲያይ ግን ቆመ።

«አባባ፣ እርስዎ ኮሚቴ ነበሩ» አለኝ። «ሐውልቱ ላይ ዕቃ መደገፍ ክልክል ነው አይደል?»

ታንኳውን አየሁ፤ እሳቸውንም አየሁ።

«አላስታውስም» አልሁት።

ዘበኛው ዱላውን በብብቱ ሥር ሻጠና፣ «እንግዲያው እስኪያስታውሱ ይቁም» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።